በስልክ ካርታ ላይ የአገር ስም እንዴት እንደሚፈለግ

መንገደኛ የማያውቀውን አገር ሊሄድ በተነሣ ጊዜ ከጥንት ጀምሮ የሚያደርገው ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም ከመንገድ ዳር የተቀመጡትን ሽማግሌ እጅ ነሥቶ መጠየቅ ነው። ሽማግሌውም ስሙን ከሰሙ በኋላ፥ «ልጄ፥ የትኛው ጊዮርጊስ ነው? የላይኛው ነው ወይስ የታችኛው? ከማን ዘንድ ነው የምትሄደው?» ብለው መልሰው ይጠይቃሉ፤ ከዚያም ወንዙን፥ ዋርካውን፥ ገበያውን እየጠቀሱ ይመሩታል። ዛሬ በብዙ ሰው እጅ ያለው ስልክ በውስጡ ካርታ አለው፤ በካርታውም ራስጌ ስም የሚጻፍበት ሣጥን አለ። በዚያ ሣጥን «ሞጣ» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ካርታው ወዲያው ዞሮ ሞጣን ያሳያል። «የጥኖራ» ተብሎ የተጻፈ እንደሆነ ግን፥ አንዱ ካርታ ሲያገኘው ሌላው የማይታወቅ አገር ሊያመጣ፥ ሦስተኛውም «አልተገኘም» ብሎ ሊመልስ ይችላል። አገሩ በሥፍራው ሳለ፥ ሰዎቹም እያረሱና እያጨዱ በዚያው ሲኖሩ፥ ካርታው እንደሌለ አድርጎ የሚናገርበት ምክንያት ምን እንደሆነ መምህራንና ማንበብ የሚያውቁ ሽማግሌዎች ሊረዱት የሚገባ ነገር ነው።

ምክንያቱም በአጭሩ ይህ ነው፤ ስልኩ ስም ሲፈልግ ምድርን አያይም። የሚያየው የስም መዝገብ ነው። በመዝገቡ የተጻፈውን ያገኛል፥ ያልተጻፈውን አያገኝም፤ በስሕተት የተጻፈውንም በስሕተቱ ያገኛል። ሜዳውና ተራራው፥ ወንዙና ጎዳናው በሥዕሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ሊታይ ይችላል፤ ስሙ ካልተመዘገበ ግን በስም ለሚፈልገው ሰው አይገለጥለትም።

ስለዚህ በስልክ ያለው ካርታ ሁለት ነገር ነው፤ አንዱ ሥዕል፥ አንዱ መዝገብ። ስለ ሥዕሉ ብዙ መናገር አያስፈልግም። መላው ዓለም በመጀመሪያ በአንድ አራት ማዕዘን ሥዕል ይሣላል፤ ከዚያም ያ ሥዕል ለአራት ይከፈላል፥ እያንዳንዱም ክፋይ እንደገና ለአራት፥ እንዲህ እያለ ይሄዳል። መክፈሉ 18 ጊዜ ከተደረገ ዓለም ከ68 ቢልዮን በሚበልጡ ቁራጭ ሥዕሎች ይሸፈናል። ሰው በሁለት ጣቱ መስተዋቱን እየከፈተ ሲያቀርብ ስልኩ የሚያመጣለት የተፈለገውን ቁራጭ ብቻ ነው እንጂ ዓለሙን ሁሉ አይደለም። በቀርፋፋ ኢንተርኔት እንኳ ካርታ ሊታይ የቻለው ስለዚህ ነው።

መዝገቡ ግን ሰፊ ማስተዋል ይፈልጋል። በእያንዳንዱ መስመር የአንድ ሥፍራ ስም ተጽፏል፤ ከስሙም ጋር ምን ዓይነት ሥፍራ እንደሆነ፥ ከተማ ወይም መንደር፥ ወንዝ ወይም ደብር መሆኑ፥ በመጨረሻም ያለበት ነጥብ በሁለት ቁጥር ይጻፋል። የመጀመሪያው ቁጥር ኬክሮስ ነው፤ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ ይነግራል። ሁለተኛው ኬንትሮስ ነው፤ በእንግሊዝ አገር በግሪኒች ከሚያልፈው መስመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ርቀት ይነግራል። ቢቸና በሰሜን 10 ዲግሪ ከ27 ደቂቃ፥ በምሥራቅ 38 ዲግሪ ከ12 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ሞጣ ደግሞ በሰሜን 11 ዲግሪ ከ5 ደቂቃ፥ በምሥራቅ 37 ዲግሪ ከ52 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት።

መምህሩ በእነዚህ ቁጥሮች ለተማሪዎቹ መልካም ሒሳብ ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱ ከተሞች በኬክሮስ 38 ደቂቃ ይራራቃሉ፤ አንዱ የኬክሮስ ደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ከ850 ሜትር ያህል ስለሆነ፥ ይህ 70 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በኬንትሮስ ደግሞ 20 ደቂቃ ይራራቃሉ፤ በዚህ አገር አንዱ የኬንትሮስ ደቂቃ 1 ኪሎ ሜትር ከ820 ሜትር ያህል ነውና፥ ይህ ከ36 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ሁለቱ የቀጥታ ማዕዘን ጎኖች ከታወቁ ሦስተኛውን ጎን ማግኘት በትምህርት ቤት የታወቀ ነው፤ ሒሳቡም 79 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰጣል። ይህ አሞራ የሚበርበት መንገድ ነው፤ በእግርም ሆነ በመኪና የሚሄድ ሰው ሸለቆውንና ጠመዝማዛውን ስለሚዞር ከዚህ የበለጠ ይጓዛል።

ስልኩ ዲግሪና ደቂቃውን በአንድ ላይ አድርጎ በአሥርዮሽ ይጽፈዋል፤ ቢቸናን 10.45 እና 38.20 ይላታል። ከነጥቡ በኋላ ሁለት አኃዝ ብቻ የጻፈ ሰው ሥፍራውን በአንድ ኪሎ ሜትር ያህል ግምት ነው የተናገረው፤ አራት አኃዝ የጻፈ 11 ሜትር ያህል፥ አምስት የጻፈ አንድ ሜትር ያህል ይቀርባል። ቅደም ተከተሉንም ማፋለስ አደጋ አለው። 38.20ን አስቀድሞ 10.45ን አስከትሎ የጻፈ ሰው ቢቸናን በሰርዴኛና በቱኒስ መካከል በሜዲትራንያን ባሕር ውስጥ ያገኛታል። እንዲህ ያለው ስሕተት የሚያስቅ ቢመስልም፥ በቁጥር ብቻ የሚሠሩ ብዙ ሰዎች የሚወድቁበት ነው።

አሁን ወደ ፍለጋው እንመለስ ለሚል አንባቢ፥ ፍለጋው እንዲህ ይሠራል። መዝገቡ በፊደል ተራ የተደረደረ ነው። ሚልዮን ስም ካለበት መዝገብ አንዱን ለማግኘት ኮምፒዩተሩ ከመጀመሪያው መስመር እየጀመረ አያነብም፤ መካከሉን ከፍቶ ያያል፤ የተፈለገው ስም ከዚያ በፊት ከሆነ የኋለኛውን ግማሽ ይጥላል፥ በኋላ ከሆነም የፊተኛውን ይጥላል። የቀረውንም እንደገና በመካከሉ ይከፍታል። በዚህ ዓይነት ከ1,024 ስም አንዱን ለማግኘት 10 ጊዜ መክፈል ይበቃል፤ ሚልዮን ስም ቢሆን እንኳ 20 ጊዜ ይበቃል። መምህሩ የተማሪዎቹን ስም በፊደል ተራ በወረቀት ላይ ደርድሮ ይህን በክፍል ውስጥ ቢያሳይ፥ ልጆቹ በአንድ ሰዓት ውስጥ ይረዱታል። ታላላቆቹ የካርታ ቤቶች ከዚህ የረቀቀ ዘዴ ቢኖራቸውም፥ መሠረቱ ይኸው አስቀድሞ መደርደር ነው።

ነገር ግን ኮምፒዩተር ፊደልን እንደ ሰው በድምፅ አያውቅም። ለእርሱ እያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ነው። የዓለምን ፊደላት በቁጥር የመዘገበው ዩኒኮድ የተባለው ሥርዓት የግዕዝን ፊደል እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ተቀበለ፤ በዚህም ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚያው አቆጣጠር ናቸው። በዚያ ሥርዓት ሀ 4608፥ ሐ 4624፥ ኀ 4736 ነው። «ሞጣ» የሚለው ስምም ለኮምፒዩተሩ 4638 እና 4899 ከመሆን በቀር ሌላ ትርጉም የለውም። በአማርኛ አንባቢ ጆሮ ሀና ሐ አንድ ድምፅ ናቸው፤ ለኮምፒዩተር ግን አስቀድሞ እንዲያስተካክል ካልታዘዘ በቀር እንደ ለና በ የተለያዩ ናቸው። ሰና ሠ፥ አና ዐ፥ ጸና ፀም እንዲሁ ናቸው። ወረዳውን አንዱ «ሁለት እጁ እነሴ» ሲል፥ በቀድሞው አጻጻፍ የተማረው ደግሞ «ኹለት» ብሎ ይጀምራል። «ደብረ ወርቅ» ተለያይቶ ሲጻፍ ሁለት ቃል ነው፤ «ደብረወርቅ» ተብሎ ሲገጠም አንድ ቃል ነው። ሰው ይህን ሁሉ ሳያስበው ያልፈዋል፤ መዝገቡ ግን ያጠምደዋል።

የላቲን ፊደል በመካከል በገባ ጊዜ ችግሩ ይብሳል። ከኢትዮጵያ ስሞች ብዙዎቹ ወደ ካርታው መዝገብ የገቡት አስቀድመው በላቲን ፊደል ተጽፈው ነው። በላቲን አጻጻፍ ጠና ተ ብዙ ጊዜ በአንድ ፊደል ይጻፋሉ፤ ጨና ቸ እንዲሁ፥ ቀና ከም አንዳንድ ጊዜ እንዲሁ። ስለዚህ «የጥኖራ» በላቲን ተጽፎ፥ በኋላም አገሩን የማያውቅ ሰው ወደ ግዕዝ ፊደል ሲመልሰው «የትኖራ» ሊሆን ይችላል። ሞጣም በላቲን አንድ ጊዜ በአንድ «ቲ»፥ አንድ ጊዜ በሁለት «ቲ» ትጻፋለች።

ይህን ለማቃናት አንዳንድ የፍለጋ ሥርዓቶች የቅርብ ስሕተትን ይታገሣሉ። ሩሲያዊው ሊቅ ቭላዲሚር ሌቨንሽታይን በ1965 የሁለት ጽሑፎችን ርቀት ለመቁጠር መንገድ አወጣ፤ አንዱን ቃል ወደ ሌላው ለመለወጥ ስንት ፊደል መጨመር፥ መቀነስ ወይም መተካት እንደሚያስፈልግ ይቆጠራል። «ብቸና» ወደ «ቢቸና» በአንድ ፊደል ይለወጣል፤ ስለዚህ ኮምፒዩተሩ «ቢቸና ማለትዎ ነውን?» ሊል ይችላል። ነገር ግን «ሞጣ» ወደ «ሞጆ» የሚለወጠውም በአንድ ፊደል ነው! የጎጃሟን ከተማ ፈልጎ በፊደል የተሳሳተ ሰው ወደ ሸዋ ሊላክ ይችላልና፥ አጭር ስም ያለው አገር ከረጅም ስሙ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ስሕተትን ከቶ የማይታገሡ ሥርዓቶችም አሉ፤ በእነርሱ ዘንድ አንድ ፊደል የሳተ ምንም አያገኝም።

ሌላው ስሕተት ስምን መተርጐም ነው። ከሞጣ በላይ በዓባይ ላይ ያለው፥ በዐፄ ፋሲል ዘመን (1632–1667) እንደተሠራ የሚነገርለት ድልድይ ከተሰበረ በኋላ ሰባራ ድልድይ ተባለ፤ በ2002 የተሰበረው በብረት ከተጠገነም በኋላ ስሙ አልተለወጠም። ይህን ስም ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ በካርታ ላይ ብቻውን የጻፈ ሰው፥ እንግዳውን ቢጠቅም የአገሩን ሰው ግን ይጐዳዋል፤ የአገሩ ሰው የሚፈልገው «ሰባራ ድልድይ» ብሎ ነውና። ስም ይጻፋል እንጂ አይተረጐምም፤ ትርጕሙ ካስፈለገ ከስሙ አጠገብ በተለየ መስመር ሊቀመጥ ይችላል።

ስሙ በትክክል ተጽፎ ከተገኘ በኋላ ደግሞ ሽማግሌው መልሰው የጠየቁት ጥያቄ ይመጣል፤ የትኛው ጊዮርጊስ? ማርያም፥ ሚካኤል፥ ጊዮርጊስ፥ ኪዳነ ምሕረት ተብለው የሚጠሩ አጥቢያዎች እጅግ ብዙ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ከእነዚህ አንዱን ከላይ፥ ሌሎቹን ከታች አድርጎ መደርደር አለበት። ሲደረድርም ጥቂት ነገሮችን ይመለከታል። ስሙ ከተጻፈው ጋር ፈጽሞ የሚመሳሰለውን ያስቀድማል፤ ከመንደር ይልቅ ከተማን፥ ካልታወቀው ይልቅ ብዙ የተጻፈለትን ያስቀድማል፤ ፈላጊው ላለበት ሥፍራ ወይም በዚያ ሰዓት በመስተዋቱ ላይ ለሚታየው አገር የሚቀርበውንም ያስቀድማል። ከዚህ የተነሣ ታዋቂው አገር ያልታወቀውን ይሸፍነዋል። ይህ የኮምፒዩተሩ አድልዎ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚፈልገውን ለማስቀደም የታዘዘው ሰዎች ስላዘዙት ነው። በገጠር ለሚኖረው ሰው ግን ውጤቱ ከአድልዎ የሚለይ አይደለም።

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ለመረዳት እንዲህ ያለውን ማሰብ ይበቃል። አንዲት እናት በሌሊት ምጥ ይዟት አምቡላንስ ተጠራ እንበል። የደወለው ሰው «ከጊዮርጊስ በታች ነን» አለ፤ ሾፌሩም ለሥፍራው እንግዳ ነውና ስሙን በስልኩ ካርታ ፈለገ፥ ከላይ የወጣውንም ተከተለ። ከላይ የወጣው በወንዙ ማዶ ያለው ጊዮርጊስ ከሆነ፥ ስሕተቱ የሚታወቀው መንገዱ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ የሚፈልግ ሰው ስሙን ብቻውን መጻፍ የለበትም። ቢቸና አጠገብ ያለውን ገዳም የፈለገ «ዲማ ጊዮርጊስ» ብሎ፥ ከዚያም «እነማይ» ወይም «ምሥራቅ ጎጃም» ብሎ ይጨምር፤ መዝገቡ መንደርን በወረዳ፥ ወረዳን በዞን ውስጥ ስለሚያውቅ ይህ ጭማሪ ሌላውን ሁሉ ያስወግዳል። አስቀድሞ ካርታውን በጣት ስቦ በሚፈልገው አውራጃ ላይ ካደረገ በኋላ መጻፉም ይረዳል። ከሁሉ የሚሻለው ግን፥ የደወለው ሰው የቆመበትን ነጥብ በቁጥር መላኩ ነው፤ ቁጥር ሁለት ጊዮርጊስ የለውም።

እንግዲህ ስሞቹን በመዝገቡ የሚጽፈው ማን ነው? ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1450 ገደማ በቬኒስ የነበረው መነኩሴ ፍራ ማውሮ ታላቁን የዓለም ካርታ ሲሠራ፥ ስለ ኢትዮጵያ ያገኘውን ከዚያው አገር ከመጡ ካህናት እንደሰማ ጽፏል። ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍም በ1683 የኢትዮጵያን ካርታ ባሳተመ ጊዜ፥ ቀደም ሲል በ1652 ወደ ጎታ ከጠራቸው ከአባ ጎርጎርዮስ የተማረው ረድቶታል። ስሙን የሰጠው የአገሩ ሰው ነበር፤ የጻፈው ግን የውጭ አገር ሰው በራሱ ጆሮና በራሱ ፊደል ነበር። ዛሬ ይህ ሊለወጥ ይችላል። በ2004 በእንግሊዝ አገር ስቲቭ ኮስት የጀመረው ኦፕን ስትሪት ማፕ የተባለው ካርታ ማንም ሰው ገብቶ ስም እንዲጽፍበትና እንዲያርምበት የተከፈተ ነው፤ በ2005 የተከፈተው የጉግል ካርታም ከተጠቃሚዎች እርማት ይቀበላል፥ ነገር ግን ከመርመረ በኋላ ነው። ስለዚህ የቀበሌውን ስም ጠንቅቀው የሚያውቁት ሽማግሌና ፊደሉን ጠንቅቆ የሚያውቀው መምህር በአንድ ላይ ቢቀመጡ፥ ፍራ ማውሮ በሩቅ ሆኖ የሠራውን እነርሱ በቅርብ ሆነው ሊሠሩት ይችላሉ።

አንድ ሥፍራ ሁለት ስም ያለው እንደሆነ አንዱን መጣል አያስፈልግም። ደብረ ማርቆስ አስቀድማ መንቆረር ትባል ነበር፤ አዳማ ናዝሬት ተብላ ኖራለች። በኦፕን ስትሪት ማፕ መዝገብ ለዋናው ስም፥ ለሌላው መጠሪያ፥ ለቀድሞው ስምና በየቋንቋው ለሚጠራበት ስም የተለያየ መስመር አለ፤ በማናቸውም ቢፈለግ ያው ሥፍራ ሊገኝ ይችላል። በስም የሚከራከሩ መንደሮች ካሉ፥ ክርክሩ በካርታ ላይ አንዱ የሌላውን በመሰረዝ አይፈታም፤ ሁለቱንም መጻፍ ይሻላል። ለመጻፍ የሚገባው የወንዙ፥ የገበያው፥ የትምህርት ቤቱ፥ የጤና ጣቢያው፥ የምንጩና የመሻገሪያው ስም ነው። የሰውን ስም በቤቱ ላይ መጻፍ ግን አይገባም፤ ጥንታዊ መጽሐፍ ወይም ንዋየ ቅድሳት የተሰወረበትን ሥፍራ ማሳየትም ለሌባ መንገድ መምራት ነው።

ሥራው እንዲህ ይደረጋል። መምህሩ ከሥፍራው ቆሞ በስልኩ ነጥቡን ያነብባል። ይህን ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ስልኩ በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ ከአራቱ ምልክት ከተቀበለ ሥፍራውን ራሱ ያሰላል፤ ነገር ግን ከጣራ በታችና በጥልቅ ገደል ውስጥ ምልክቱ ይደክማል፥ ስለዚህ በገላጣ ቦታ ጥቂት መቆየት ያስፈልጋል። ስሙን ከሁለት ወይም ከሦስት ሽማግሌዎች ሰምቶ በግዕዝ ፊደል ይጽፋል፤ ጠ ከሆነ ጠ፥ ተ ከሆነ ተ መሆኑን ደግሞ ደጋግሞ ያስጠራቸዋል። ከዚያም ኢንተርኔት ወዳለበት ከተማ በሄደ ጊዜ ያስገባዋል።

ያስገባው ስም በዚያው ሰዓት በፍለጋ ባይገኝ ሊገረም አይገባውም። አዲሱ መስመር አስቀድሞ ወደ መዝገቡ ይገባል፤ ከዚያ የፍለጋው ተራ ዳግመኛ ይደረደራል፥ ይህም በአንዱ ካርታ በደቂቃዎች፥ በሌላው በሳምንታት ይሆናል። ካርታውን አስቀድሞ ወደ ስልኩ ያወረደ ሰው ደግሞ፥ ያወረደው አሮጌው መዝገብ ስለሆነ፥ እንደገና እስኪያወርደው ድረስ አዲሱን ስም አያገኝም። ስለዚህ ከአንድ ወር ገደማ በኋላ መምህሩ ስሙን በሌላ ሰው ስልክ፥ በሁለት ዓይነት አጻጻፍ፥ አንድ ጊዜም ከወረዳው ጋር አድርጎ ይፈልገው፤ በአንዱ ተገኝቶ በሌላው ከጠፋ፥ የጠፋውን አጻጻፍ በሌላው መጠሪያ መስመር ይጨምረው።